የንባብ ክበብ የ2011 ዓ.ም. ዘገባ፦ ስለ በረሃ ልዑላንና ስለ አንድ ፓስፖርት

የንባብ ክበባችን ዘንድሮ ምን እንዳነበበ የትምህርት ቤታችን ማኅበረሰብ ከዚህ ዘገባ ቀድሞ በወሬ ሰምቷል። «የእንግሊዝኛው መምህር ልጆቹን የፍቅር ልቦለድ ያስነብባቸዋል» መባሉ ሐሰት አይደለም፤ ወሬው የነገሩን ግማሽ ብቻ ይዞ ስለ ዞረ ግን ቀሪውን እዚህ ማስፈር ግድ ሆኖብኛል።

መጻሕፍቱን እኛ አልመረጥናቸውም። በመስከረም በስጦታ ከደረሰን የአሮጌ መጻሕፍት ካርቶን ውስጥ 14ቱ ስስ የእንግሊዝኛ ልቦለዶች ሲሆኑ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ታሪክ የሚተርኩ ነበሩ። ራሷን ችላ የምትኖር የአውሮፓ ወይም የአሜሪካ ሴት፣ ነርስ ወይም ጸሐፊ ወይም የቁፋሮ ተመራማሪ ሆና፣ በካርታ ላይ ወደማይገኝ የበረሃ መንግሥት ትሄዳለች፤ እዚያም የነዳጅ ጉድጓድ፣ ድንኳንና ጭልፊት ያለው ኩሩ ልዑል ይገጥማታል፤ መጽሐፉ ሊያልቅ ጥቂት ገጾች እስኪቀሩት ድረስ ሲጣሉ ቆይተው ይጋባሉ። በጥቅምት ወር 11 ብቻ የነበረው የአባላት ቁጥር በታኅሣሥ ወር 37 ደረሰ። ለብዙ ዓመት ሰዋስው ሳስተምር እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።

የኮሚቴ ምርጫ ተካሂዷል፣ ቃለ ጉባኤ ተይዟል፣ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተሰብስበናል፣ በሚኒ ሚዲያም አራት ጊዜ አቅርበናል።

ልጆቹ መጻሕፍቱን እንዲሁ አላነበቧቸውም። የዚህ ዓይነቱን ልቦለድ መንገድ የጠረገው እንግሊዛዊቷ ኢዲት ሞድ ኸል በ1919 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው «ዘ ሼክ» መሆኑን፣ ታሪኩም ፈረንሳይ ትገዛት በነበረችው አልጄሪያ እንደሚፈጸምና ከሁለት ዓመት በኋላ ድምፅ አልባ ፊልም እንደ ወጣለት አስረዳኋቸው። ባለታሪኩ ሴቲቱን ጠልፎ እንደሚደፍራት፣ ደራሲዋም ያንን ወደ ፍቅር እንደምትለውጠው አልደበቅኋቸውም፤ ጠለፋ ምን እንደሆነ ከአክስቶቻቸው ለሰሙ ልጆች መደበቁም ባልጠቀመ ነበር። በመጨረሻ ሼኩ የእንግሊዛዊ አባትና የስፔናዊት እናት ልጅ ሆኖ እንደሚገኝ ስነግራቸው ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ግን አልሳቀም። አያቱ በከተማችን በዕውቀታቸው የተከበሩ ሼህ ናቸው። «ለእኛ ሼህ ማለት ቁርአን የሚያስቀራ፣ የተጣላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው፤ እዚህ ግን ሴት ፈረስ ላይ ጭኖ የሚሮጥ ሆነ» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልዑሉን ሼክ ማለት ትተን «ባላባቱ» አልነው።

በመጋቢት ወር 28 ተማሪዎችን ይዘን ወደ ዲማ ጊዮርጊስ ተጓዝን። የጉዞው ዓላማ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን፣ በዛብህ ቅኔ በተማረበት ደብር አጠገብ፣ ከእነዚህ ልቦለዶች ጋር ማነጻጸር ነበር። (ልቦለዶቹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አልገቡም፤ ይህም ተወርቷልና ልናገረው።) ሁዳዴ ስለነበር ቆሏችንን እየቆረጠምን ከቅጥሩ ውጭ ካለ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ክርክሩ ማን ይበልጥ ራሷን የቻለች ናት የሚል ነበር፦ ደመወዝና የአውሮፕላን ቲኬት ያላት ፈረንጅ ናት ወይስ የራሷ ገቢ ሳይኖራት፣ መነኩሴ መስላ ከአባቷ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት የወጣችው ሰብለ ወንጌል? ወንዶቹ አብዛኞቹ ለፈረንጇ፣ ሴቶቹ ለሰብለ ቆሙ።

እስከዚያ ድረስ ዓመቱን ሙሉ ለቃለ ጉባኤ ስሟ ሲጠራ «አለሁ» ከማለት በቀር ድምፅዋን ያልሰማነው አንዲት የ12ኛ ክፍል ልጅ እጇን አነሣች። «ቲቸር፣ ፈረንጇ ቤተ መንግሥቱ ስትገባ ፓስፖርቷ ማን ጋር ነው?» አለችኝ። መጽሐፉን ገለጥሁ፤ በራሷ ቦርሳ ውስጥ ነው ይላል። «እህቴ ሪያድ ከገባች አምስት ዓመቷ ነው። የእሷ ከማዳሟ ቁም ሣጥን ወጥቶ አያውቅም። ከፊሏ፣ ያስመጣት አሠሪዋ ማለት ነው፣ ካልፈቀደ ወደ አገሯ መምጣት አትችልም። ይቺ ሴትዮ ባላባቱን ስትሰድበው የማትፈራው ጎበዝ ስለሆነች ሳይሆን፣ ስትፈልግ መሄድ እንደምትችል ስለምታውቅ ነው» አለች። ስለ በረሃ ልዑላን ያነበብሁት ሁሉ ይህን ያህል አላስተማረኝም። ምን ብዬ እንደ መለስሁላት አላስታውስም፤ ምናልባትም ምንም አላልሁም። ከተማሪዎቹ መካከል እህት ወይም አክስት አረብ አገር ያላቸው እጃቸውን እንዲያነሡ አንዱ ሲጠይቅ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አነሡ።

ይህችው ልጅ በግንቦት ስድስት ገጽ የአማርኛ አጭር ልቦለድ ጽፋ አመጣች። ተራኪዋ በዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ የፈረንጇን የሠርግ ልብስ የምትተኩስ፣ ከቢቸና የሄደች ሠራተኛ ናት። በወላጆች ቀን ስታነበው እናቷ ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ ሳቡ። ልጅቱ እንደነገረችኝ፣ እህቷም ማዳሟ በተኛችበት ሰዓት በኢሞ አስነብባ ሰምታዋለች።

ያልሆነልንም አለ። ሦስት መጻሕፍት ጠፍተዋል፤ ለአዲስ ዓመት ያሰብነው የግድግዳ መጽሔት በወረቀት እጥረት ቀርቷል፤ ሁለት ወላጆች ልጆቻቸውን ከክበቡ አስወጥተዋል፣ አንደኛዋን እናት አነጋግረን ልጃቸው ተመልሷል። የማልያ ጠላት አይደለሁም፤ ነገር ግን የስፖርት ክበባችን ዘንድሮ ሙሉ ትጥቅ ሲለብስ የንባብ ክበቡ ቁልፍ ያለው አንድ ሣጥን እንኳ አላገኘም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን 28 ልጆች የተካፈሉት በሁለት ቅጂ ነው፤ ከሁለቱም አንደኛው የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉትም።

ስለዚህ የወላጅ መምህር ኅብረቱን የምንለምነው 20 ቅጂ፣ አንድ ሣጥንና ለሚቀጥለው ዓመት ጉዞ የሚሆን የመኪና ኪራይ ነው። የዘንድሮውን ኪራይ እኔና ሁለት ባልደረቦቼ ከኪሳችን ሸፍነናል፤ ደረሰኙ በእጄ ይገኛል።