ጉዳዩ፦ የሳሎኑን ሶኬት በውላችን መሠረት ስላለመሥራታችሁ

ለደንበኞች አገልግሎት ኃላፊ፣

የቤቴ የውስጥ መስመር አሉሚኒየም መሆኑ፣ የሶኬቶቹን መጋጠሚያ እንድታድሱልኝ መዋዋላችንና ስንት ጊዜ እንደደወልኩ መዝገባችሁ ላይ ስላለ አልደግመውም። የምጽፈው ባለፈው ማክሰኞ ስለተባልኩት ነገር ነው።

ባለሙያችሁ ጠዋት 3 ሰዓት ይመጣል ተብሎ 9 ሰዓት ላይ ደረሰ። ይሁን። ሶኬቱን አሳየሁት፤ ክዳኑ በአንድ ጎኑ ቡናማ ሆኗል፣ ማሞቂያ ሲሰካበት መዳፍ ያሞቃል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክም ይሸታል። ካቻቢቴውን ከቦርሳው እንኳን አላወጣም።

«ጋሼ፣ ብሬከሩ ወርዶብዎት ያውቃል?» አለኝ።

«አያውቅም።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀዎት? ኢንተርኔት ላይ ያገኙትን ሁሉ አያንብቡ።»

ኢንተርኔት አላነበብኩም። ሥራውን ሲሸጥልኝ እዚያው ሳሎን ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት ያስረዳኝ የእናንተው የሽያጭ ሠራተኛ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከመዳብ በሲሶ ያህል ይበልጥ ይለጠጣል፤ በብሎን ሲጨመቅ ቀስ በቀስ ይሸሻል፤ ላዩ ላይ የሚሠራው ስስ ሽፋንም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። መጋጠሚያው ሲላላ በተለመደው ጭነት ብቻ ይግላል። ብሬከር ደግሞ የሚወርደው ጭነት ሲበዛ ወይም ሾርት ሲፈጠር ስለሆነ ይህን አያውቀውም። ይህን ሁሉ አስረድቶኝ ሲያበቃ፣ ሶኬቱ በሚገባበት ሳጥን፣ በየስካቶላው፣ አሉሚኒየሙን ከመዳብ ቅጥያ ጋር ለዚሁ በተሠራ ሞርሴቶ (ሽቦዎችን በብሎን ጨምቆ በሚያገናኝ ማያያዣ) እንደምታያይዙና ብሎኑን በመለኪያ ካቻቢቴ አምራቹ ባዘዘው ልክ እንደምታጠብቁ ቃል ገባልኝ። ውሉ ላይም ሰፍሯል።

ባለሙያችሁ እንደወጣ ዋናውን አጥፍቼ ሶኬቱን ፈታሁት። ሞርሴቶ የለም። ያለው ተራ የሚጠመዘዝ የፕላስቲክ ቆብ ነው፤ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሏል። የቆቡ ጠርዝ ቀልጧል፣ የሽቦው ጫፍ ጠቁሯል። ፎቶው ተያይዟል። የቀሩትን 26 ሶኬቶች በምን ልመናቸው?

«ይህ ካለ ሌላ አያሳስብዎትም» ብላችሁ የሸጣችሁልኝ ብልጭታ የሚለይ ብሬከርም ቢሆን ተጨማሪ ጥበቃ እንጂ የላላ መጋጠሚያ አያጠብቅም። ሳይፈነጥቅ የሚግለውን ደግሞ ላይለየው ይችላል። የእሱም ደረሰኝ እስከ ዛሬ አልተሰጠኝም።

መጻፍ ስጀምር ልጠይቅ ያሰብኩት፣ በዚህ ሳምንት ሌላ ባለሙያ ልካችሁ ሁሉንም መጋጠሚያ እንድታስከፍቱና እያንዳንዱን ፎቶ አንስታችሁ እንድታስረክቡኝ ብቻ ነበር። ናስትሮው ትዝ ሲለኝ ግን የእጅ ዋጋውም እንዲመለስልኝ እፈልጋለሁ። በ5 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልመለሳችሁ በሌላ ፈቃድ ባለው ባለሙያ አስመርምሬ ሪፖርቱን ፈቃድ ለሰጣችሁ መሥሪያ ቤት አስገባለሁ።

እስከዚያው የሳሎኑን መስመር አጥፍቼዋለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው ኩሽና ቆሜ ነው። ባለሙያችሁ በመጀመሪያው ቀን «ነገ እመልሳለሁ» ብሎ የወሰደውን መሰላሌንም ላኩልኝ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ