ልጆቻችንን ከድምፅ ማጉያው እናርቃቸው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ባለፈው እሑድ እዚሁ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር በነበረ ሠርግ፣ አራት ሕፃናት በድንኳኑ ጥግ ከተተከለው ትልቅ ድምፅ ማጉያ ሥር ተቀምጠው ከረሜላ ሲካፈሉ፣ አንዲቱ ግን ድርሻዋን ትታ በሁለት እጇ ጆሮዋን ደፍና ስላየሁ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለልጆች የሚመክረው የማዳመጫ ልክ በሳምንት ለ40 ሰዓት 75 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ሲሆን፣ ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጆሮ ያለ ጉዳት የሚቆይበት ጊዜ በግማሽ ያጥራል፤ በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳትም አንዴ ከሞቱ አይተኩም። ሠርጉ ይድመቅ (ድሬ ያለ ጭፈራ አትታሰብም)፤ ዲጄዎች ግን ማጉያውን ከልጆች መቀመጫ ቢያርቁት ጭፈራው አይቀዘቅዝም። ያቺን ልጅ ወደ በሩ ወስጄ ሳስቀምጣት ወዲያው እጇን ከጆሮዋ አወረደች።

አክባሪዎ፣ ከድሬዳዋ