«አድራሻው ያልተሟላ» ተብሎ ስለተመለሰው ጥቅል ቅሬታ ስለማቅረብ

ጥር 2018 ዓ.ም.
ጅማ

ለ፦ ፈጣን መልእክት ድርጅቱ፣ የጅማ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ለዋናው መሥሪያ ቤት የደንበኞች አገልግሎት ክፍል፣ አዲስ አበባ

በመስከረም ወር መጨረሻ ላይ በካሪቢያን ባሕር ወደምትገኘው ግሬናዳ ደሴት እንድታደርሱልኝ አንድ ጥቅል ለቅርንጫፋችሁ አስረክቤ፣ የተጠየቅሁትን ሒሳብ በሙሉ ከፍያለሁ፤ የደረሰኙ ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ጥቅሉ ግን ለተቀባዮቹ ሳይደርስ «አድራሻው ያልተሟላ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት በታኅሣሥ ወር ወደ ጅማ ተመልሷል። ይባስ ብሎም የመመለሻና የመጋዘን ኪራይ ካልከፈልኩ ንብረቴ እንደማይሰጠኝ ተነግሮኛል።

ተቀባዮቹ እኅቴ፣ ባለቤቷና ሁለት ልጆቻቸው ናቸው። ባለቤቷ ባሕር ዳር በመርከብ ምሕንድስና ሠልጥኖ ለዓመታት በጭነት መርከቦች ላይ የሠራ ሲሆን፣ አሁን ቤተሰቡ በገዛው የሸራ ጀልባ ላይ እየኖረ ከደሴት ወደ ደሴት ይዘዋወራል። የቤት ቁጥርም ሆነ የመንገድ ስም የላቸውም። ይህንን ገና ቅጹን ሳልሞላ ለተቀበለችኝ ሠራተኛችሁ አስረድቻለሁ፤ ከኋላዬ የተሰለፉት ሰዎች ፈገግ ቢሉም እርሷ ግን ጉዳዩን በቁም ነገር ይዛ አዲስ አበባ ደውላ ከጠየቀች በኋላ «ይቻላል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይደርሳል» ብላ አረጋግጣልኛለች። ስለ እርሷ ትሕትና ቅሬታ የለኝም።

በቅጹ ላይ የጻፍኩት አድራሻ ባሕረኞች ጥቅል የሚቀበሉበት የተለመደው አድራሻ ነው፤ ይኸውም የጀልባዋ ስም፣ የተመዘገበችበት አገር፣ «በጉዞ ላይ ያለች ጀልባ» የሚለው ሐረግ፣ ጥቅሉን ተቀብሎ የሚያቆይላቸው የማሪና (የጀልባዎች ማቆሚያ ወደብ) ጽሕፈት ቤት ስምና የስልክ ቁጥሩ ነው። በብዙ ደሴቶች ለውጭ አገር ተጓዥ ጀልባዎች የሚመጣ ዕቃ የራሱ የጉምሩክ ሥርዓት ስላለው፣ «በጉዞ ላይ ያለች» የሚለው ሐረግ ያለ ምክንያት የሚጻፍ አይደለም። ከቅርንጫፋችሁ የተሰጠኝን የመከታተያ መረጃ ስመለከተው ግን፣ ቅጹ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ የጀልባዋና የማሪናው ስም ከነስልኩ ተትቶ የእኅቴ ስምና «ግሬናዳ» የሚለው ቃል ብቻ ቀርቷል። አድራሻው ያልተሟላው በእኔ እጅ ሳይሆን በእናንተ ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ሁለቱም ሰነዶች ተያይዘው ስለቀረቡ አመሳክሮ ማየት ይቻላል።

«ቢዘገይም እኮ በድጋሚ መላክ ይቻላል» ተብሎ ለተሰጠኝ መልስ ደግሞ የሚከተለውን ማስረዳት ግድ ይለኛል። በአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከግንቦት 24 እስከ ኅዳር 21 ድረስ ይቆያል። ብዙ የጀልባ ኢንሹራንስ ድርጅቶችም በእነዚህ ወራት ጀልባዎች ከተወሰነ ኬክሮስ በስተደቡብ እንዲቆዩ ስለሚያስገድዱ፣ በሰሜን 12 ዲግሪ አካባቢ የምትገኘው ግሬናዳ የብዙዎች መጠለያ ናት። ያም ሆኖ ፍጹም ዋስትና አይደለችም፤ ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ቤሪል የተባለው አውሎ ነፋስ የግሬናዳ አካል በሆነችው ካሪያኩ ደሴት ላይ ከባድ ጥፋት አድርሷል። ስለዚህ ቤተሰቡ ወቅቱ እስኪያልፍ ግሬናዳ ይቆያል፣ ሲያልፍ ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ እኔም በቅጹ ላይ «እስከ ኅዳር 21 ድረስ» ብዬ የጻፍኩት ለዚሁ ነው። የእኅቴ ባለቤት በትንሿ ጀልባ ወደ ማሪናው እየተመላለሰ ቢጠይቅም የመጣ ነገር አልነበረም፤ በዚያው ሰሞን እኔ ወደ እናንተ ስደውል የሚሰጠኝ መልስ «ተቀባዩ አልተገኘም» የሚል ነበር። ከአንዱ ደሴት ወደ ሌላው መሻገር እዚህ ጅማ ውስጥ ከአጂፕ ወደ ፈረንጅ አራዳ በባጃጅ እንደመሄድ አይደለም። ሲነሱ በጉምሩክና በኢሚግሬሽን የመውጫ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ሲደርሱ ደግሞ ቢጫ ባንዲራ ሰቅለው፣ የተሳፋሪዎቹን ዝርዝርና ፓስፖርቶቻቸውን አቅርበው እንደገና የመግቢያ ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። ለጥቅል ብሎ ወደ ኋላ የሚመለስ የለም።

በጥቅሉ ውስጥ የነበሩት የፊደል ገበታ፣ የአማርኛ መማሪያ መጻሕፍትና ከሂርማታ ገበያ የተገዛች ጀበና ናቸው። ልጆቹ ትምህርታቸውን የሚከታተሉት በጀልባው ላይ ከእናታቸው ስለሆነ፣ መጻሕፍቱ ለዚህ የትምህርት ዘመን የታሰቡ ነበሩ። በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ጀበና ምን ይሠራል የሚል ቢኖር፣ መልሕቅ ተጥሎ ባሕሩ ጸጥ ባለበት ቀን ቡና ይፈላል፤ የጅማ ልጅ የትም ብትሄድ ይህን አትተውም። ጀበናዋ አንገቷ ተሰብሮ ተመልሳለች። ሸክላ እንደሚሰበር አውቃለሁ፤ «ተሰባሪ» ለሚለው ምልክት ተጨማሪ ያስከፈላችሁኝም ይህንኑ ስለምታውቁ ይመስለኛል።

በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው። ድርጅታችሁ ወደ ጀልባ የተጻፈ አድራሻ የማይቀበል ከሆነ ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ሊነግረኝ ይገባ ነበር፤ የሚቀበል ከሆነ ደግሞ ያልደረሰበትን ምክንያት እኔ ልከፍልበት አይገባም።

ስለሆነም የመመለሻና የመጋዘን ኪራይ ጥያቄው ተሰርዞ ጥቅሉ እንዲመለስልኝ፣ የከፈልኩት የማጓጓዣ ሒሳብ ከነተጨማሪው ክፍያ እንዲተካልኝ፣ የጀበናዋም ዋጋ እንዲታሰብልኝ እጠይቃለሁ። በድጋሚ እንዲላክ አልጠይቅም፤ መጻሕፍቱን ወደዚያ አካባቢ የሚጓዝ ሰው ሳገኝ በእጅ እልካቸዋለሁ። መልሳችሁን እስከ የካቲት መጨረሻ በጽሑፍ እንድትሰጡኝ እየጠየቅሁ፣ በቃል የሚሰጥ ምላሽን እንደ መልስ እንደማልቆጥርና ከዚያ ካለፈ አቤቱታዬን ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እንደማቀርብ ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ላኪው