ማታ ማታ ስለሚጠፋው ብሎወር

ክቡር አዘጋጅ፣

በጣና ዳር ስላሉ ሆቴሎችና ማረፊያዎች ፍሳሽ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ የሚያርፈው «ማጣሪያ አላቸው ወይስ የላቸውም?» በሚለው ላይ ነው። ማጣሪያ በመጠገን ዓመታትን ያሳለፍሁ እንደመሆኔ፣ ማጣሪያው ውስጥ ሥራውን የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን በሕይወት መኖር አለመኖራቸው አብሮ ቢጠየቅ እላለሁ።

በቅርቡ ሐይቁ ዳር ወዳለ አንድ ማረፊያ ተጠርቼ ነበር። ኃላፊው ከማጣሪያው መውጫ የቀዳውን ውሃ በብርጭቆ ይዞ «የምንጭ ውሃ መስሏል እኮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ጠርቷል፣ አይሸትም። የአሞኒያ መፈተሻውን ጠብ ሳደርግበት ግን እንደ እርድ ቢጫ ሆነ፤ አሞኒያ አለበት ማለት ነው። ጥበቃውን ብጠይቀው፣ ለመብራት ቁጠባ ሲባል አየር የሚነፋው ብሎወር ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንደሚጠፋ፣ ዝቃጩም በቦቴ ተመጥጦ ካለቀ ገና ሁለት ሳምንቱ መሆኑን ነገረኝ።

ከሽንትና ከሌላው ቆሻሻ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት የሚለውጡት እንደ ናይትሮሶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚያደርሱት ደግሞ እንደ ናይትሮስፒራ ያሉት ናቸው። ውሃውን የሚያጠሩት ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ምቹ ሁኔታ ካገኙ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደጋግመው ሲባዙ፣ አሞኒያ በሊታዎቹ ግን አንድ ጊዜ እጥፍ ለመሆን ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል። የሚኖሩት ዝቃጩ ውስጥ ስለሆነም፣ ዝቃጩ ሙልጭ ተደርጎ ሲወጣ አብረው ይወጣሉ፣ ለመመለስም ሳምንታት ይወስዳሉ፤ በዚህ መካከል ውሃው እየጠራ አሞኒያው እንዳለ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። አሞኒያ ደግሞ፣ በተለይ ውሃው ሲሞቅና አልካሊነቱ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ጠባዩ) ሲጨምር፣ ለዓሣ መርዝ ነው።

አሞኒያ በሊታዎቹ ኦክስጅንም አብዝተው ይፈልጋሉ። አንድ ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ወደ ናይትሬት ለመለወጥ 4.6 ግራም ያህል ኦክስጅን ያስፈልጋል። ከተማችን ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ፣ እዚህ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በተመሳሳይ ሙቀት በባሕር ጠረፍ ከሚይዘው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ለጠረፍ ከተማ ተሰልቶ የመጣ ብሎወር፣ ቀንና ሌሊት ቢሠራም እንኳ እዚህ ላይበቃ ይችላል፤ ጭራሽ ሲጠፋማ ምን ይባላል?

ናይትሬቱም ለእምቦጭ መኖ ነው የሚል ቢኖር ልክ ነው። መፍትሔው ናይትሬት የያዘውን ውሃ አየር ወደሌለው ገንዳ መመለስ ሲሆን፣ በዚያ ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይለቁታል። ብሎወርን በመለኪያ እየታገዙ ለአጭር ጊዜ ማቆምም ለዚሁ የሚውል የታወቀ አሠራር ነው፤ 9 ሰዓት ሙሉ ማፈን ግን ከዚህ ጋር አይገናኝም። አሞኒያው አስቀድሞ ናይትሬት ካልሆነም የሚለወጥ ነገር አይኖርም።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ተቆጣጣሪዎች የውሃውን መጥራት ብቻ ሳይሆን አሞኒያውንም እንዲለኩ፣ ዝቃጩ መቼና ምን ያህል እንደወጣ መዝገብ እንዲጠይቁ በአክብሮት አሳስባለሁ። ናሙናውም እንግዳ ተቀባዩ ቡና አፍልቶ በሚጠብቅበት ረፋድ ሳይሆን፣ ሳይታሰብ ጎህ ሲቀድ ቢወሰድ።

የፍሳሽ ማጣሪያ ቴክኒሺያን
ከባሕር ዳር