ፖርቱን ማን ያዘው? የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የዘንድሮ ዘገባ

ክበባችን ዘንድሮ ሮቦት አልሠራም። በወላጆች ቀን ጠረጴዛችን ላይ የነበረው አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና ስክሪኑ ላይ የትኛው ፕሮግራም የትኛውን ፖርት (መረጃ የሚገባበትንና የሚወጣበትን በር) እንደያዘ የሚዘረዝር ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው። አንድ አባት ጎንበስ ብለው አዩና «ይሄ ብቻ ነው?» አሉኝ። አዎ፣ ይሄ ብቻ ነው። እሱን ለመሥራት ግን ዓመቱ ሙሉ አለቀ።

ክበቡ ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ይገናኛል። የምንሠራው በአርዱዊኖ ነው። አርዱዊኖ በ2005 እ.ኤ.አ. ጣሊያን አገር፣ ኢቭሪያ ከተማ፣ ለተማሪዎች ታስቦ የተጀመረ፣ ፕሮግራም የሚጻፍለት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ነው። ቦርዱ የሚሰካው በዩኤስቢ ኬብል ቢሆንም ኮምፒውተሩ የሚያየው እንደ ሲሪያል ፖርት ነው። በሲሪያል መረጃው አንድ በአንድ፣ እንደ ታክሲ ሰልፍ ተራውን ጠብቆ ያልፋል። አርኤስ-232 የሚባለው የዚህ መስመር ደረጃ የወጣው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። ከእኔም ይበልጣል።

መስከረምና ጥቅምት በልቅሶ አለፉ ማለት ይቻላል። «ቲቸር፣ ፖርቱ አይታይም!» «ቲቸር፣ ፖርቱ ተይዟል ይለኛል!» ግማሹ ችግር ከኬብል ነበር። ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ብቻ የተሠራ ኬብል የዳታ ሽቦ የለውም። ቦርዱ ላይ መብራት ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አያይም። አርዱዊኖን አስመስለው በሌሎች የተሠሩት ኮፒ ቦርዶች ላይ ያለው ሲኤች 340 የተባለ ቺፕ ደግሞ አንዳንዱ ዊንዶውስ ላይ ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩን ከቺፑ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም፣ ይፈልጋል። በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ 22.04 የሚባለው ሊኑክስ የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች የባሰ አደከሙን። እዚያ ላይ ለዓይነ ስውራን የብሬይል መሣሪያ የሚያገለግል ፕሮግራም አለ። የእኛን ቺፕ ብሬይል መሣሪያ ነው ብሎ ይወስደዋል፣ ፖርቱም ብቅ ብሎ ይጠፋል። ይህን እስክንደርስበት ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

ኅዳር ላይ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ «ለምን እኛው ዝርዝር የሚያወጣ ነገር አንሠራም?» አለች። ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጀመሩት። ፓይሲሪያል የሚባለው ዝግጁ የኮድ ስብስብ ያሉትን ፖርቶች ስም፣ የአምራችና የምርት ቁጥር ይሰጣል። የአምራቹ ቁጥር 2341 ከሆነ የአርዱዊኖ የራሱ ቦርድ ነው። 1ኤ86 እና 7523 ካለ ሲኤች 340 ነው። በዚህ አጋጣሚ ከሱቅ «ኦሪጅናል» ተብሎ የተገዛ አንድ ቦርዳችን ማንነቱ ወጣ። የገዛሁት እኔ ስለሆንኩ ነገሩን አላራዘምኩትም።

ዝርዝሩ ፖርት መኖሩን ይናገራል እንጂ ሌላ ፕሮግራም ከፍቶ መያዙን አይናገርም። ስለዚህ ልጆቹ ቀላሉን መንገድ መረጡ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፖርት ለመክፈት ይሞክራል፣ እምቢ ካለው «ተይዟል» ብሎ ይጽፋል። ዊንዶውስ ላይ ጥሩ ሠራ። ጥሩ የመሰለን እስከ ሐሙስ ነው። ሐሙስ ዕለት አንድ ልጅ የትምህርት ቤቱ ላይብረሪ የሚገባውን ሰው የሚቆጥር ቦርዱን ለኃይል ብሎ ላብ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶት ነበር። ፕሮግራሙ ሲነሳ የልጁ ቆጠራ ወደ ዜሮ ተመለሰ። የሦስት ቀን ቆጠራ! አርዱዊኖ ኡኖ ፖርቱ ሲከፈትበት ራሱን እንደገና ያስነሳል፣ ሲፈጠርም እንደዚያ ነው። ልጁ ለአንድ ሳምንት ያህል አላናገራቸውም።

ሊኑክስ ላይ ደግሞ የመክፈቱ ዘዴ ጭራሽ ይዋሻል። የተከፈተ ፖርት ሌላ ፕሮግራም ሲመጣበት ብዙ ጊዜ እምቢ አይልም፣ ሁለቱንም ያስገባል። ስለዚህ መክፈቱን ተዉት። ሊኑክስ ላይ ፖርትም እንደ ፋይል ነው የሚታየው። ፕሮክ በሚባለው ፎልደር ውስጥ እየሠራ ያለ ፕሮግራም ሁሉ የከፈታቸው ፋይሎች ተዘርዝረዋል። የእኛ ፕሮግራም እሱን ያነባል፣ ቦርዱን አይነካም፣ የያዘውንም በስሙ ይጠራል። ላቡ ውስጥ ሁላችንም በአንድ አካውንት ስለምንገባ የፈቃድ ጣጣም አልገጠመን። ለዊንዶውስ ግን ይህን ያህል ቀላል መንገድ አላገኘንም። እዚያ አሁንም እየከፈተ ነው የሚሞክረው፣ ግን «ቦርዱ እንደገና ሊነሳ ይችላል፣ ልቀጥል?» ብሎ ያስፈቅዳል። ያቺን ጥያቄ የጨመራት ቆጠራው የጠፋበት ልጅ ነው።

የካቲት ላይ ፕሮግራሟ ዋጋዋን አሳየች። የሁለት ልጆች የሙቀት መለኪያ ቁጥሮች እየተቆራረጡ ይመጡ ነበር። 24.5 መሆን የነበረበት አንዴ 2 ብቻ፣ አንዴ 4.5 ሆኖ ይደርሳል። ሴንሰር ቀየሩ፣ ሽቦ ቀየሩ፣ የመረጃው መላኪያ ፍጥነት 9600 መሆኑን ደጋግመው አዩ። አርባ ደቂቃ ሄደ። በመጨረሻ ዝርዝሩን ከፈቱት። አንድ ፖርት፣ ሁለት ያዦች። አንዱ የልጆቹ ፕሮግራም ነው። ሌላው ጠዋት ለክፍል ማሳያ ብዬ ከፍቼ ሳልዘጋው የሄድኩት የእኔ ነበር። የሚመጣውን መረጃ እየተሻሙ ያነቡ ነበር።

«ቲቸር፣ ሌባው እርስዎ ኖት!» ላቡ በሳቅ ተናወጠ። እስከ ሰኔ ድረስ ኮሪደር ላይ ሲያዩኝ «ፖርቱን ዘጉት?» እያሉ ነው የሚያልፉኝ።

ለሚቀጥለው ዓመት ልጆቹ ዝርዝሩ ኬብል ሲነቀል ወዲያው እንዲታደስ ይፈልጋሉ። ከእናንተ የምንፈልገው ደግሞ ኬብል ነው። ቤት ውስጥ የተቀመጠ የአሮጌ ፕሪንተር ዩኤስቢ ኬብል ካላችሁ ላኩልን። የቻርጀር ብቻ የሆነውን ግን እባካችሁ፣ አንድ ካርቶን ሙሉ አለን።