እማዬ፣ ሌሊት ጡጦውን ማን ነበር የሚሰጣት?

እማዬ እንዴት ነሽልኝ፣ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ማንበቡ ከከበደሽ እህቴ ታንብብልሽ፣ ግን ቀስ ብለሽ አንብቢ በያት፣ እሷ ስትቸኩል ግማሹን ነው የምትዘለው። በስልክ ልነግርሽ ነበር፣ ግን ስልክ ላይ ስለጤናሽ ስጠይቅሽ ሰዓቱ ያልቃል፣ ይሄን ደሞ ረጋ ብዬ ነው ልነግርሽ የፈለግኩት።

ያቺ ያልኩሽ በግ ምጥ ላይ ሞተችብን። ግልገሉ ግን ተረፈ፣ ወንድ ነው፣ መቆም አቅቶት ይንቀጠቀጣል፣ ጣቴን አፉ ውስጥ ሳስገባ ቅዝቅዝ ብሏል። የልጅ ልጅሽ አጠገቤ ሆና "ወተት እንስጠው፣ ወተት እንስጠው" እያለች ታለቅሳለች፣ እኔ ደሞ ያንቺ ነገር ነው ትዝ ያለኝ፣ የቀዘቀዘ ግልገል መጀመሪያ ይሞቃል ከዛ ይጠባል ትይ አልነበር? ሐኪሙን ስጠይቀው እሱም ያንኑ ነው ያለኝ፣ የጤነኛ ግልገል ሙቀት ከ39 እስከ 40 ዲግሪ ነው፣ ከ37 በታች ሲወርድ በደንብ መዋጥ ስለማይችል ወተቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል አለኝ። እንግዲህ በፎጣ አሽተን አደረቅነውና ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልተን በጨርቅ ጠቅልለን ጎኑ አደረግንለት፣ ቆይቶ ቆይቶ ቀና አለና ጣቴን መጥባት ሲጀምር ልጅቷ የጮኸችውን ጩኸት ብትሰሚው!

እንገሩን በዛው ሌሊት ከወለደች ሌላ በግ አለብንለት። ይሄ የእንገር ነገር እኮ ሳስበው ይገርመኛል እማዬ፣ የሰው ልጅ ገና ማህፀን ውስጥ እያለ ከእናቱ ደም የበሽታ መከላከያ ያገኛል፣ በግ ግን አያገኝም፣ ግልገል ያለምንም መከላከያ ነው የሚወለደው፣ ሁሉም ነገር ያለው እንገሩ ውስጥ ነው፣ አንጀቱ ደሞ ያንን ወደ ደም ማሳለፍ የሚችለው ቢበዛ 24 ሰዓት ገደማ ነው፣ በቶሎ በተሰጠው ቁጥር ይሻላል፣ ከዛ በኋላ ይዘጋል። ለአንድ ኪሎ ክብደት 50 ሚሊ ሊትር በአንድ ጊዜ ይበቃዋል አሉን፣ የኛው አራት ኪሎ እንኳን ስለማይሞላ ከ200 ያነሰ ነው የሰጠነው። እምብርቱን አዮዲን ነከርንለት። እና ሌሊቱ ነጋ።

ጠዋት ልጅቷ እኔ ነኝ የማሳድገው አለች። ስም ሁሉ አውጥታለታለች፣ ጥጥዬ። አንቺ ለኔ እንደነገርሽኝ ነው የነገርኳት፣ ሳልሸፋፍን፣ "ሊሞት ይችላል፣ እናት የሌለው ግልገል ደካማ ነው፣ ቢሞትም ግን አንቺ ስላልወደድሽው አይደለም" አልኳት። ዝም ብላ አሰበችና "እሺ፣ ግን እስከዛ የኔ ነው" አለችኝ። አንዳንድ ሰዎች ልጅ እንዲህ አይነት ነገር ውስጥ አይገባም፣ ልቧ ይሰበራል ይሉኛል፣ እኔ በፍጹም አልስማማም፣ ልጅ እውነቱ ከተነገረው ከትልቅ ሰው በላይ ይችላል፣ ይሄን ካንቺ ነው የወረስኩት።

ስራዋን ብታይው ትኮሪባታለሽ። ጡጦውን ራሷ ታጥባለች፣ የማፍላቱን ስራ ግን እኔ ነኝ የምሰራው፣ እሳት ነውና። መጀመሪያ ቀን እንደ ሕፃን አስተኝታ ልታጠባው ስትል አስቆምኳት፣ ግልገል ቆሞ አንገቱን ትንሽ ቀና አድርጎ ነው መጥባት ያለበት፣ እንደዛ ሲጠባ ጉሮሮው መጨረሻ ላይ ያለው መንገድ ይታጠፍና ወተቱ ሌሎቹን ጨጓራዎች ዘሎ በቀጥታ ወደ አራተኛው ይሄዳል፣ ተኝቶ ከሆነ ግን ሊያንቀው ይችላል። ይሄን ስነግራት ሆዱን እያየች "አራት?" አለችኝ፣ አሁን ያገኘችውን ሰው ሁሉ አስቁማ በግ አራት ጨጓራ አለው ትላለች። እናቱ ብትኖር የምትልሰውን እሷ በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ከጅራቱ ስር ትጠርግለታለች፣ ካልተጠረገ እኮ ኩሱ ደርቆ ይዘጋበታል፣ ምንም አትጸየፍም። ያስቸገረችኝ አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፣ ሲጮህ ጨምሪልኝ ትላለች፣ ብዙ ወተት በአንዴ ከጠጣ ሆዱ ተነፍቶ ሊሞት እንደሚችል እየነገርኳት ነው፣ ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ነው የሚሻለው። ከእንቅልፉ ሲነሳ መጀመሪያ የምታየው ከተንጠራራ ነው፣ የተንጠራራ ግልገል ደህና ነው፣ ጀርባውን ቆልምሞ ከቆመ ወይ በርዶታል ወይ ርቦታል፣ እሱን ሳልነግራት በራሷ ነው ያወቀችው።

እና አሁን ወደዋናው ነገር ልምጣ። ገና የተወለደ ግልገል ሌሊትም ይጠባል፣ በየሦስት በየአራት ሰዓቱ። ልጅቷ ማታ አጥብታው ትተኛለች፣ ጠዋት ተነስታ ታጠባዋለች፣ መሀል ያለውን የምነሳው እኔ ነኝ። አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጡጦውን ይዤ ቁጭ ብዬ እያለ የኔዋ ግልገል ትዝ አለችኝ፣ ያቺ እኔ አሳደግኳት እያልኩ ዕድሜዬን ሙሉ የማወራላት። እኔም እኮ ማታ አጥብቼ ነበር የምተኛው! ጠዋት ስነሳ ጡጦው ታጥቦ ተደፍቶ አገኘው ነበር፣ ማታ እኔ ራሴ ያጠብኩት ነበር የሚመስለኝ። እማዬ፣ ያኔ ታናሼን ጡት ታጠቢያለሽ፣ ቀኑን ሙሉ ስትሰሪ ነው የምትውዪው፣ ሌሊት ደሞ ተነስተሽ የኔን ግልገል? አንድም ቀን ትንፍሽ አላልሽም። ለሰው ሁሉ "እሷ ናት ያዳነቻት" ስትዪ እሰማሽ ነበር፣ እኔም አምኜ ነው ያደግኩት፣ ያ እምነት ስንት ቦታ እንደጠቀመኝ አታውቂውም። አመሰግናለሁ ማለት ያንሳል፣ ግን አመሰግናለሁ። ለልጄም አልነግራትም፣ ጠዋት ጡጦውን ታጥቦ ታገኘዋለች፣ በቃ።

አሁን ጥጥዬ ጠንክሯል፣ ሣር መንጨት ጀምሯል፣ ወተቱን ቀስ በቀስ እየቀነስን ነው። ችግሩ በግ እንጂ ሰው አለመሆኑን አላወቀም፣ መንጋውን ሲያይ ይሸሻል። ወንድ ስለሆነ ደሞ ያሳስበኛል፣ በጡጦ ብቻውን ያደገ ወንድ በግ ሰው አይፈራም፣ ሲያድግ በግንባሩ ይማታል፣ አሁን ግንባሩን እየገፉ ማጫወት ከልክያለሁ። ከሌሎቹ ግልገሎች ጋር ማደር አለበት ስላት ግን ትንሿ ታለቅሳለች፣ ጨካኝ ነሽ ትለኛለች። የኔዋን እንዴት ነበር ወደ መንጋው የመለስሻት? በቀን ነው ያስጀመርሻት ወይስ በአንዴ? እኔንስ ምን ብለሽ አሳመንሽኝ? በቮይስ ላኪልኝና ለሷ አሰማታለሁ፣ አያቴ ካለች እሺ ብላለች።