እንሽላሊት እግሯ ቢቆረጥ አይበቅልላትም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን «የተቆረጠ እግር የሚያበቅለው ጂን ተገኘ» በሚል ርዕስ ያወጣችሁትን ዜና አነበብኩት። እዚህ ጎንደር ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ቀድመውኝ አንብበውት ኖሮ ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ እንሽላሊት ተስሎ ጠበቀኝ። ስለ ሳይንስ መጻፋችሁ ደስ ይለኛል። ቅር ያሰኘኝ አጻጻፉ ነው።

በመጀመሪያ ፎቶው። ዜናው የሚያወራው ስለ አክሶሎትል ነው፣ ፎቶው ግን የእንሽላሊት። ሁለቱ አይገናኙም። አክሶሎትል በሜክሲኮ የሾቺሚልኮ ሐይቅ የሚኖር የሳላማንደር ዘር ነው፤ ከእንሽላሊት ይልቅ ለእንቁራሪት ይቀርባል። እግሩ ቢቆረጥ አጥንቱ፣ ጡንቻው፣ ነርቩ፣ ጣቶቹ ሳይቀሩ ተመልሰው ይበቅላሉ። ፋሲል ግቢ ድንጋይ ላይ ፀሐይ የምትሞቀው እንሽላሊት ግን የምትተካው ጅራቷን ነው። እሱም ቢሆን እንደ ድሮው አይሆንም፤ በአጥንቱ ቦታ የሚበቅለው የልም አጥንት ቱቦ ነው። እግሯ ከተቆረጠማ በቃ፣ ቀረ።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ጂኑ ተገኘ» ሲባል አንድ ተአምረኛ ጂን ያለ ይመስላል። የለም። እግር በማብቀል ሥራ ላይ የሚሳተፉት ጂኖች አብዛኞቹ እኛም ዘንድ አሉ። እናታችን ማህፀን ውስጥ ሳለን እጅና እግራችንን የሠሩት እነሱ ናቸው። ካደግን በኋላ ግን ሰውነታችን ትልቅ ቁስል ሲያይ ቶሎ ጠባሳ ሠርቶ ይዘጋዋል። አክሶሎትል ቁስሉን በስስ ቆዳ ይሸፍንና ከሥሩ ሴሎች ይሰበስባል። ይህ ክምችት ብላስቴማ ይባላል። ነርቭ ካልደረሰው አያድግም። ማክሮፌጅ የሚባሉት የሞቱ ሴሎችን የሚለቅሙ የመከላከያ ሴሎችም የግድ ያስፈልጋሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣ ጥናት እነዚህ ሴሎች የጠፉባቸው አክሶሎትሎች ልክ እንደኛው ጠባሳ ሠርተው ቀርተዋል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ሴሉ ያለበትን ቦታ ማወቁ ነው። ከአንጓው ላይ የተቆረጠ መዳፍና ጣት ብቻ ያበቅላል። ከትከሻው አጠገብ የተቆረጠ ደግሞ ክንዱን በሙሉ። እያንዳንዱ ሴል ቀበሌውንና የቤት ቁጥሩን የያዘ መታወቂያ ኪሱ ውስጥ ያለ ይመስላል። መታወቂያው ታዲያ የተጻፈው በኬሚካል ነው። አንዱ ከቫይታሚን ኤ የሚገኘው ሬቲኖይክ አሲድ ነው፤ ሥራው ወደ ትከሻ ይበረታል፣ ወደ ጣት ይደክማል። እ.ኤ.አ. በ1982 ማልኮም ማደን የተባለ ተመራማሪ አንጓቸው ላይ ለተቆረጡ አክሶሎትሎች የቫይታሚን ኤ ውህድ ሲያበዛባቸው፣ ከአንጓው ላይ ሙሉ ክንድ በቀለ። ክንድ በክንድ ላይ!

ዜናችሁ የተነሣበት ምርምር እ.ኤ.አ. በ2025 ከቪየና፣ ከተመራማሪዋ ከኤሊ ታናካ ቡድን የወጣው ይመስለኛል። በትንሿ ጣት በኩል ያሉ ሴሎች «ሃንድ 2» የተባለውን ጂን ሳይቆስሉም በትንሹ እያሠሩት ይኖራሉ። ሲቆስሉ ይጨምሩታል፤ እሱም «ሶኒክ ሄጅሆግ» የተባለውን ሌላ ጂን ያስነሣል። (አዎ፣ ስሙ ከቪዲዮ ጌም የመጣ ነው። ተማሪዎቼ በዚህ አይስቁ መሰላችሁ!) በአውራ ጣት በኩል ያሉት ደግሞ «ኤፍ ጂ ኤፍ 8» የተባለ ዕድገት ቀስቃሽ ፕሮቲን ያመነጫሉ። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ እየተቀሰቀሱ ነው እግሩ የሚያድገው። ይሄ ሁሉ የተደረገው በአክሶሎትል ላይ ነው። በሰው ላይ እግር ያበቀለ ማንም የለም።

ሰው ምንም አይተካም ማለቴ አይደለም። ጉበት ሁለት ሦስተኛው ቢወጣ እንኳ መጠኑን መልሶ ያገኛል። ሕፃን ልጅ የጣቱ ጫፍ ተቆርጦ የጥፍሩ ሥር ከተረፈ ጫፉ ሊበቅል ይችላል። ከጡት አጥቢዎች ደግሞ ልታነሱት የሚገባችሁ፣ አገራችንም ውስጥ የምትኖረው እሾህ መሰል ጠጉር ያላት አይጥ ነበረች። አዳኝ ሲይዛት ቆዳዋን ጥላ ታመልጣለች። ከዚያ ቆዳውን ከነጠጉሩ ትተካዋለች። ጆሮዋ ቢበሳ እንኳ ልም አጥንቱ ሳይቀር ይሞላል። ሜክሲኮ ድረስ ከመሄድ በፊት እሷን ብታስተዋውቁን ምን ነበረበት?

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለፎቶ ተቆርቁሬ ብቻ አይደለም። በስኳር በሽታ እግራቸውን ያጡ አንድ ጎረቤት አሉኝ። ዜናውን በልጃቸው ስልክ አሳዩኝና «መምህር፣ እንግዲያ ይሄን ሰው ሠራሽ እግር ትቼ ትንሽ ልጠብቅ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው? የርዕሱን ጥፋት ለማረም ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። «ጋሼ፣ የተቆረጠ እግር ዝም ብሎ ሲቀመጥ ጡንቻው ይሟሽሻል፣ መገጣጠሚያው ይተሳሰራል፤ በኋላ ለመልመድም ይከብዳል» አልኳቸው። እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የአካል ተሃድሶ ማዕከል እያለ የሚጠበቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ወደፊት እንዲህ ዓይነት ዜና ስታወጡ ምርምሩ በየትኛው እንስሳ ላይ እንደተሠራና በሰው ላይ ተሞክሮ እንደሆነ ከመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ጻፉልን። ብዙ ሰው ከዚያ አልፎ አያነብም። ፎቶውንም ቀይሩት፤ ይህን ስጽፍ እንሽላሊቷ አሁንም እዚያው ናት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር
ጎንደር